ለሚናዬ የተጨበጨበልኝ ቀን

ጽሑፌ ተመረጠ!

ሐሙስ ዕለት ከደብረ ብርሃን ለቲቸር ሶስና ተደወለላት። ከክፍል አስጠራችኝና ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ "የዝና፣ ያንቺ ወጥቷል! መጽሔቱ ላይ ይታተማል!" አለችኝ።

"የኔ?"

"ሌላ የዝና አላውቅም።"

ዘለልኩ። ስዘል የዩኒፎርሜ ቀሚስ ከጎኑ ተተረተረ። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። አባቴ ጋ ስደውል መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ "ያንቺ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው ወይስ የኔም አለበት?" ብሎ ነው። "ያንተም አለበት አባዬ" ስለው፣ "እስቲ ድገሚልኝ" አለኝ። ደገምኩለት።

የተመረጠው ግጥም ነው። የመጽሔቱ ሰዎች ደግሞ "ከግጥሙ ጋር የሚወጣ አንድ ገጠመኝሽን ጻፊልን" አሉኝ። የሚያስቅ ነገር ልጽፍ ነበር፤ የሚያስቁ ገጠመኞች አሉኝ። ነገር ግን ወረቀቱ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር እስክሪብቶዬ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ደስታዬን እዚህ ላይ ትንሽ ላቁመውና እሱን ልንገራችሁ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። መንደራችን ከአንኮበር ወደ ቆላው በሚወርደው ገደል ወገብ ላይ ነው። እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ ሁሉ ወደ ከተማ ወጥቶ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። እኔ የምማርባትን ከተማ ስም አልጽፈውም። ሰዎቹ እዚያው አሉ፣ እኔም ገና እዚያው ነኝ።

ከመቅደስ ጋር የተዋወቅነው ለምዝገባ ተሰልፈን ዝናብ ሲመታን ነው። አንድ ላስቲክ ነበራት፣ ግማሹን ለኔ ደረበችልኝ። ላስቲኩ ለአንድ ሰው ስለሚያንስ ሁለታችንም በሰበስን፤ በሳቅ ሞትን። በዚያው ሳምንት እትዬ አስናቀች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አብረን ተከራየን። ፍራሻችን አንድ፣ ባልዲያችን አንድ፣ ስንቃችን ደግሞ ድብልቅ። እሷ የደጋ ልጅ ስለሆነች እናቷ እትዬ ዘውዴ የገብስ ቆሎና በሶ ይልኩላታል። እኔ የማሽላ እንጀራ አመጣለሁ። ቆሎው ለኔ፣ የማሽላው እንጀራ ለሷ ይጣፍጠን ነበር። እያጠናሁ ከሆነ ጠቅልላ ታመጣና፣ "አፍሽን ክፈቺ፣ ጂኦግራፊው የትም አይሄድም" ትለኛለች። እህት የለኝም። እህት ማለት ይሄ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ያልነገርኳት ነገር ግን ነበር።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አባቴ ማረሻ ይቀጠቅጣል። በኛ አገር እንደኛ ያለውን ሰው ጠይብ ይሉታል። ቃሉ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው፤ ሰዎች ሲናገሩት ግን ቡዳ ማለታቸው ነው። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ያየው ሰው ይታመማል ማለታቸው ነው። በመንገድ ስናልፍ ሕፃን የያዘች እናት ልጇን በነጠላ ትሸፍናለች። ምግብ የቀረበለት ሰው ገበታውን ይከድናል። ድስታችንን ገዝተው ወጣቸውን ይሠሩበታል፤ ከዚያ ወጥ አብራችሁን ብሉ ብሎ የጠራን ሰው ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

ወደ ከተማ ስወጣ እማዬ ጓዜን እያሰረችልኝ፣ "ቤተሰቦችሽ ምን ይሠራሉ ካሉሽ ገበሬ ናቸው በይ" አለችኝ። "ውሸት አይሆንብሽም፤ ጓሮ አለን አይደል?"

እኔም ገበሬ ናቸው አልኩ። መቅደስን የማላጣበት መንገድ ይሄ ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ካወቀች ከኔ ጋር አትበላም።

ቲቸር ሶስና የዜግነት ትምህርት አስተማሪያችን ናት። ያደገችው ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ነው፤ ያኔ ገና አዲስ ተመድባ የመጣች ወጣት ነበረች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከመስኮቱ ሳይነሳ፣ ኮፍያዋ ውስጥ የሱፍ ክር ሞልታ ገባች። ከሥልጠና መመለሷ ነበር።

"ዛሬ አንጽፍም፣ እንጫወታለን" አለችን። "የሚና ጨዋታ ይባላል።"

ክፍሉ ተንጫጫ። ቲቸር እጇን አነሳች።

"አንድ መንደር አለ እንበል። ቀይ ክር የደረሰው የመንደሩ ባለቤት ነው። ጥቁር የደረሰው ከሌላ ቦታ የመጣ መጤ ነው። ባለቤቶቹ ስለ መጤዎቹ ክፉ ወሬ ሰምተዋል። እውነት ይሁን ውሸት ማንም አላጣራም። መጤዎቹ ኋላ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ውሃ ቢጠማቸው ባለቤቶቹን ይለምናሉ። ከዚያ እንቀያየራለን፣ በመጨረሻም ምን ተሰማችሁ ብለን እንነጋገራለን።"

"ቲቸር፣ መጤ ከሆንኩ የቤት ሥራም አልሠራም ማለት ነው?" አለ ሳምሶን። የክፍላችን ቀልደኛ ነው።

"አንተ ባለቤት ሆነህም አትሠራ።"

ሳቅን። ኮፍያው ዞረ። ለኔ ጥቁር፣ ለመቅደስ ቀይ ደረሰን። ክሩን እጄ ላይ እያሰረችልኝ፣ "አገኘሁሽ! ዛሬ እቃ ታጥቢያለሽ" አለችኝ በጆሮዬ።

"ይማሩኝ እሜቴ" አልኳት።

እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። እኛ ጥቁሮቹ ኋላ ሲሚንቶው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሳምሶን ቀይ ስለደረሰው የጥቁር ሰሌዳ ማስመሪያውን እንደ ከዘራ ይዞ በመሐላችን ይንጎራደዳል። "እናንተ መጤዎች! ከመስኮቱ ዞር በሉ፣ ፀሐዩ የኛ ነው!" ይላል። ፀሐይ እንኳ አልነበረም፤ ጉም ነበር። በሳቅ ሆዳችንን ያዝን።

እኔም ሚናዬን ልጫወት ብዬ፣ "እሜቴ፣ ውሃ ጠማኝ" አልኩ።

መቅደስ ከክፍሉ ባልዲ በኩባያ ቀዳችና እየተውረገረገች መጣች።

"እስቲ በደንብ ለምኚ።"

"በሚካኤል!"

"በሚካኤል ካልሽማ ምን አደርጋለሁ" አለችና ኩባያውን ዘረጋችልኝ።

አሁን የምነግራችሁን አስቤ አላደረግኩትም። ተነሳሁ። ወደ ኋላ ራቅ አልኩ። በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክኩ። እንዳላያት ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩና ሁለት እጆቼን ገጥሜ አገጬ ሥር ያዝኩ።

ከእማዬ ጋር ድስት ተሸክመን ጎረቤላ ገበያ ስንወጣ መንገድ ላይ ውሃ የምንጠጣው እንደዚህ ነው። የቤቷ ባለቤት ኩባያውን አትሰጠንም፤ ከነካነው መጣሉ ነው። ከላይ ሆና እፍኛችን ላይ ታፈስልናለች። ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ እማዬ፣ "ራቅ በይ፣ ዓይንሽን አዙሪ፣ እጅሽን ግጠሚ" ብላ አስተምራኛለች። ሌሎች ልጆች ማማተብ ሲማሩ እኔ ይሄንንም አብሬ ተምሬአለሁ። ያን ዕለት ያደረገው እጄ ነው። እኔ እየሳቅኩ ነበር።

መቅደስ ግን መሳቋን አቆመች። ኩባያው አየር ላይ ቀረ።

"እንዴ!" አለች ከፊት ወይንሸት። እናቷ ጎረቤላ ገበያ እህል ትነግዳለች። "ይቺ ልጅ ይህን የት ተማረችው? እንዲህ አድርገው የሚጠጡት እኮ ጠይቦች ናቸው!"

ሰው ሁሉ ገብቶታል። ያልገባት ቲቸር ሶስና ብቻ ነበረች። ኋላ እንደነገረችኝ የወይንሸትንም ድምፅ አልሰማችም። ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ወደ መሐል መጣችና፣

"አያችሁ?" አለች። "ቲቸር አድርጉ ያላለችውን! ሚና መጫወት ማለት ይሄ ነው! እንዴት አድርጋ እንደኖረችው አያችሁ? አጨብጭቡላት!"

አጨበጨቡ። ደህና ጭብጨባ አልነበረም፣ አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። በሰው ፊት ሲጨበጨብልኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከጉልበቴ መነሳት አቃተኝ።

"በሉ ተቀያየሩ!" አለች ቲቸር፣ ደስ እንዳላት። ቀዩ ክር እኔ እጅ ላይ ታሰረ። ሳምሶን፣ ወይንሸትና መቅደስ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ሳምሶን ወዲያው፣ "ኧረ ጌቶች፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ለነፍስ ያላችሁ!" ብሎ ጮኸ። ከባለቤቶቹ መካከል ለባልዲው ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቀዳሁና ሄድኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

"አልጠማኝም።"

"አሁን ጠማኝ አላልክም?"

"አልፎልኛል።"

ወደሚቀጥለው ልጅ ዞርኩ። "ጠጥቻለሁ" አለኝ። ቀጥሎ ያለችው ልጅ፣ "እኔ ጾም ነኝ" አለች፤ ማክሰኞ ዕለት። ወይንሸት ጋ ስደርስ በአንገት ልብሷ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች፣ ከውስጥ ቱ ቱ ስትል ሰማኋት። ኩባያው እጄ ላይ ከበደኝ። ያን ጊዜ ቲቸር ሶስና ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። የገባት ያኔ ነው።

መቅደስ ከመሬት ተነሳች።

"እኔ ጠምቶኛል" አለች። ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ ነው ያለችው። ኩባያውን ከእጄ ተቀበለች። ጠጣችው። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ፣ ሲወርድ ጉሮሮዋ እየታየ። አፏን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ "ጨምሪልኝ" አለችኝ።

እናንተ፣ በዚህ ምድር ላይ እንደዚያች ልጅ ያለ ደፋር አይቼ አላውቅም። ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ስታነቡ ይህን እንዳትረሱብኝ።

"ይበቃል" አለች ቲቸር። "ክሩን ፍቱ። ጨዋታው አልቋል።" የኔን ራሷ መጥታ ፈታችልኝ። "የዝና..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ምን ተሰማችሁ የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ደወል ተደወለ።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ መቅደስ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ቀድማኝ ሄደች። ከዚያ፣

"እውነት ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እማማሽም?"

"ድስት ትሠራለች።"

"ያ ድስታችን... ከገበያ ገዛሁት ያልሽኝ?"

"እማዬ ናት የሠራችው።"

ትንሽ ሄድን። "ጥሩ ድስት ነው" አለች። እኔ ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም ግን?"

"ከኔ ጋር አትበይም ብዬ።"

"ሞኝ" አለችኝ። ቤት ገብተን እንጀራ ቀረበ። እሷ ናት መጀመሪያ የጎረሰችው፣ ከዚያ አጎረሰችኝ። ሁሉም እንደ ድሮው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትውጥ አየኋት። ቆም ብላ፣ ቀስ ብላ ነበር የዋጠችው፣ ትኩስ ነገር እንደሚውጥ ሰው።

ጠዋት ስትነሳ ሰውነቷ ይነድ ነበር።

ከእሑድ ጀምሮ ራሴን አመመኝ ስትል ቆይታለች። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ሌላ ማንም አላስታወሰውም። ወሬው ግን ከኛ ቀድሞ ግቢ ገብቶ ነበር። እትዬ አስናቀች በሩ ላይ ሆነው መቅደስን አይተው፣ እኔን አይተው፣ "ከኩባያዋ ጠጣች ብለውኝ ነበር!" ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ወዲያው ስልክ ሲደውሉ ሰማሁ። "ዘውዴ፣ ድረሺ! ልጅሽን በሏት!"

እትዬ ዘውዴ በምሳ ሰዓቱ መኪና ደረሱ። ብቻቸውን አልመጡም፤ መድኃኒት ያውቃሉ የሚባሉ ሽማግሌ ይዘው ነው። ከዚያ በፊት ሲመጡ ግንባሬን ስመው፣ "የኔ ልጅ፣ ከሲታ ሆነሻል፣ ይቺ መቅደስ ቆሎውን ብቻዋን ነው እንዴ የምትበላው?" የሚሉኝ ሴት ናቸው። ያን ዕለት በጎኔ ሲያልፉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔን ላለማየት።

"ውጪ አንቺ" አሉኝ ሽማግሌው።

ወጥቼ የውሃው በርሜል ሥር ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከሰል ላይ ጊዜዋ የሚሉትን ቅጠልና ሌላ የማላውቀውን ነገር ጨምረው አጨሱባት። ጭሱ በበሩ ሥር ወጥቶ እኔንም አሳለኝ። እንግዲህ በኛ አገር እምነት የበላት ቡዳ በበሽተኛዋ አፍ ይለፈልፋል፤ ስሙን ከተናገረ ይለቃታል። ስለዚህ ይጠይቋታል።

"ማነህ? የት አገኘሃት? ተናገር!"

መቅደስ ታስላለች። "ውሃ" ትላለች።

"መጀመሪያ ተናገር! ማን ነህ?"

"እማዬ ውሃ ስጪኝ..."

"ተናገሪ ልጄ፣ ይልቀቅሽ፣ ተናገሪ!" ይላሉ እትዬ ዘውዴ እያለቀሱ። የእውነት ነበር የሚያለቅሱት። ክፋት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልጠላቸው እችል ነበር።

እትዬ አስናቀች ወደኔ ወጡ። "ከልብስሽ ቅደጂና ስጪ። የአንቺ ጨርቅ አብሮ ከጨሰ ቶሎ ይለቃታል ብለዋል።"

አሁን ብትጠይቁኝ እምቢ ማለት ነበረብሽ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ከበሩ ውስጥ ሳሏን እየሰማሁ ነው። እንደማልበላት አውቃለሁ፤ ሰው በዓይኑ ሰው እንደማይበላ አውቃለሁ። ሆኖም ጨርቁ ከጨሰ ጥያቄው ያበቃል፣ ውሃ ይሰጧታል ብዬ አሰብኩ። የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ጀምሬ ቀደድኩና ሰጠኋቸው።

"በገዛ እጇ ሰጠች!" አሉ እትዬ ዘውዴ ከውስጥ። "አያችሁ? አመነች!"

ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። ሁሉም ወደኔ ዞረ። በዚያው ቅጽበት ነው ከውስጥ ድምፅዋ የመጣው።

"የዝና" አለች።

ሲለፈለፍ የሌላ ሰው ድምፅ ነው የሚወጣው ይላሉ። ያ የሌላ ድምፅ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት፣ "የዝና፣ ተነሺ ረፈደ" የምትለኝ ድምፅ ነው።

"የዝና... የዝና..."

እትዬ ዘውዴ ድስታችንን አንስተው ወጡና የበሩ ድንጋይ ላይ ከሰከሱት። ከተሰባበረው መሐል የእማዬ አውራ ጣት ምልክት ያረፈበት የጆሮው ቁራጭ እግሬ ሥር መጣ። እዚያው ተውኩት።

ቲቸር ሶስና በባጃጅ ደረሰች። ሁለታችንም ከትምህርት ቤት ስንቀር ጊዜ ሳምሶን ነው የነገራት። ሰውን ገፍታ ገባች፣ የመቅደስን ግንባር ዳሰሰች፣ "ይህች ልጅ ትኩሳት ናት እኮ! ጤና ጣቢያ ትሂድ!" ብላ ጮኸች።

"አንቺ ዝም በይ!" አሉ እትዬ ዘውዴ። "ያንቺ ጨዋታ ነው ልጄን ያስበላት!"

ቲቸር እንደተመታች ሰው ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እሺ እናቴ" አለች። "እሺ፣ የኔ ጨዋታ ነው። ጥፋቱ የኔ ይሁን። አሁን ግን አብረን እናንሳት።"

አነሷት። በአጠገቤ ሲያልፉ እግሯ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ነበር። ልሸፍንላት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ብነካት ደግሞ ምን ሊሉ ነው ብዬ።

ታይፎይድ ነበር። መድኃኒት ተሰጣት፣ ዳነች። ሰዉ ግን የዳነችው ስሜን ስለጠራች ነው አለ።

እትዬ አስናቀች የቤቱን ቁልፍ ስለተቀበሉኝ ቲቸር ሶስና ቤቷ ወሰደችኝ። ከኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምታለቅሰው። "እኔ እኮ ስለዚህ ነገር ያነበብኩት ብቻ ነው" ትላለች። "የድሮ ነገር መስሎኝ። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጦ እያየኝ እንደሆነ እንዴት ልወቅ?"

መቅደስ ልብሷን ልትወስድ የመጣችው ከስታ፣ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ነው። እኔም የኔን ልብሶች ልወስድ እትዬ አስናቀች ግቢ ሄጄ ስለነበር ተገናኘን። እናቷ ከውጪው በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

"ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው" አለችኝ። "አክስቴ ጋ። እዚያ ነው የምማረው።"

"ተሻለሽ?"

"ተሽሎኛል።" ሹራቧን አጣጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። "የዝና... ያን ቀን ጭሱ ትንፋሽ አሳጣኝ። ስም ጥሪ ይሉኛል። ሌላ ስም አልመጣልኝም። ሲጨንቀኝ የምጠራው ያንቺን ነው እኮ።"

"አውቃለሁ" አልኳት። አላውቅም ነበር። ግን አውቃለሁ አልኳት።

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ምን ነበር? አላስቻለኝም። "መቅደስ፣ በላችኝ ብለሽ ታምኛለሽ?"

ወደ መሬት አየች። "አላውቅም" አለችኝ።

"ፈጠን በይ!" አሉ እናቷ ከበሩ።

ልታቅፈኝ ወደኔ አንድ ጊዜ ተጠጋች። ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ሻንጣዋን አነሳችና ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አንባቢዎቼ፣ አላምንም ብላኝ ብትዋሽ ይሻለኝ ነበር? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ውሃውን የጠጣችውም እሷ ናት፤ አላውቅም ያለችኝም እሷ ናት። ሁለቱንም መቅደስ ናት ያደረገችው፣ ሁለቱንም ከልቧ። እኔ የምናፍቀው ሁለቱንም ነው።

ያን ማክሰኞ ምን ተሰማችሁ ተብለን ሳንጠየቅ ነው የቀረነው ብያችኋለሁ። ልመልሰው። ለሌሎቹ ልጆች ጨዋታው ጥሩ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሲሚንቶው ሲቀዘቅዛቸው፣ ውሃ ለምነው ሲከለከሉ አንድ ነገር ሳይማሩ አልቀሩም። ክሩ ሲፈታ ግን የነሱ አለቀ። የኔን ክር ቲቸር ፈታችው እንጂ አልተፈታም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቲቸር ሶስና፣ "ጨዋታውን ልተወው?" ብላ ስትጠይቀኝ "አትተዪው" አልኳት። "ብቻ ለማስተማር የፈለግሽው ነገር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ እንደሆነ መጀመሪያ እወቂ። ልጁ ካለ ደግሞ ምን እንደሚፈልግ ለብቻው ጠይቂው። ጥቁር ክር አትስጪው፤ እሱ አለው።" ሰምታኝ ስታበቃ፣ "ይህን ጻፊው" አለችኝ። መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ትምህርቴን አልተውኩም። አንድ ቀን ሳምሶን የሒሳብ ደብተሩን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ይቺ ጥያቄ አልገባችኝም" አለኝ። አልገባችኝም ያላት ጥያቄ ቀላል ነበረች። እስከ ዛሬ እዚያው ነው የሚቀመጠው። ወይንሸት አሁንም አፏን ትሸፍናለች። እኔ ግን ቤተሰቦችሽ ምን ይሠራሉ ሲሉኝ ሸክላ ሠሪና አንጥረኛ ናቸው እላለሁ። መጀመሪያ ስለው ድምፄ ይሰበር ነበር፤ አሁን አይሰበርም። ይሄን ጽሑፍ ስሜንና የአባቴን ስም አስቀምጬ የምልክላችሁ ለዚያ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ቤት ወርጄ መጽሔት ላይ እንደምወጣ ለእማዬም በራሴ አፍ ነገርኳት። ጭቃ እየረገጠች ነበር። እግሯን ሳታቆም፣

"ስለኛም ጽፈሻል?" አለችኝ።

"ጽፌአለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እግሯ ቆመ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ገበሬ ናቸው በይ ያለችኝ እኮ እሷ ናት።

"ማን ነው የሚያነበው?"

"ብዙ ሰው። ከደብረ ብርሃንም፣ ከሌላም አገር።"

አሰበች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ፣ "እንግዲያው ጥሪያቸው" አለችኝ። "የፋሲካ ማግስት ይምጡ በያቸው። ዶሮውን እኔ እሠራለሁ።"

ስለዚህ ጠርቼአችኋለሁ። የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚሄደውን መኪና ያዙና ጎረቤላ ውረዱ። ከዚያ የቁልቁለቱን የእግር መንገድ ይዛችሁ የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። የምትጠይቁት ሰው በጣቱ እያሳያችሁ ፊቱን ያዞር ይሆናል። ግድ የላችሁም፣ ፊቱን ሳይሆን ጣቱን ተከተሉ። መቅደስ፣ ይህ እጅሽ ከገባ አንቺም ተጠርተሻል፤ አላውቅም ያልሽውን እንደያዝሽ ነይ።

በቤታችን ከኛ ሰው በቀር ገብቶ እህል የቀመሰ እንግዳ ኖሮ አያውቅም። እማዬ እንግዳ ስታስተናግድ አይቼአት አላውቅም። ትናንት ደውላ፣ "ለስንት ሰው ልሥራ?" ብላ ጠይቃኛለች።

ለብዙ ሰው ሥሪ ብያታለሁ።